ለሙሽራው ደረት የተሰፋ አበባ

«እትዬ ካውያ» የሚለውን ስም ያወጡላት የላውንደሪው ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከወጣትነቷ ጀምራ የሰው ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። ሌላውን ምክንያት ግን ፊቷ ቆሞ የሚነግራት ጀግና እስካሁን አልተወለደም። ቶሎ ትግላለች፤ ከጋለች ደግሞ የነካችውን ሁሉ ቀጥ ታደርጋለች። አለቃዋ ራሱ ወደ ኋላ ክፍል ሲገባ ሸሚዙን እንደ ተማሪ ሱሪው ውስጥ እየከተተ ነው።

ሰውን በፊቱ አታውቀውም። ደንበኛ የምታስተናግደው በፊት በኩል ያለችው እቃ ተቀባይዋ ስለሆነች ወደ እትዬ ካውያ የሚደርሰው ልብሱ ብቻ ነው። እሷም በልብሱ ትፈርዳለች። ኮሌታው ቶሎ የሚያድፍ ሰው ነገር ያበዛል፤ ጉልበቱ የነጣ ሱሪ የሚለብስ ወይ ጸሎተኛ ነው ወይ ቧንቧ ሠራተኛ፤ ነጭ ሸሚዝ ላይ የከንፈር ቀለም ሲገኝማ ምን አግብቷት፣ ታስለቅቀዋለች እንጂ አታወራም። ቁልፍ የጎደለው ልብስ ከመጣ ከቆርቆሮዋ መሳዩን ፈልጋ ትሰፋለታለች፣ ባለቤቱ ሳያውቅ። እሷ እጅ የገባ ልብስ ጎድሎ ወጥቶ አያውቅም ይባልላታል። ይህን ሲሏት ያልሰማች ትመስላለች እንጂ ሰምታለች፤ በጣምም ትወደዋለች።

ላውንደሪው የሚገኘው ከትልቅ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ አስታማሚዎች ናቸው። ታማሚው ድኖ ሲወጣ የሚለብሰው ንጹሕ ይሁንለት ብለው ልብስ ጥለው ይሄዳሉ። አብዛኞቹ እየሳቁ መጥተው ይወስዳሉ። የማይመጡም አሉ። ያልተወሰደው ልብስ ከውሃ ማሞቂያው በስተጀርባ ባለ አንድ የብረት ዘንግ ላይ ይሰቀላል፤ ለምን እንዳልተወሰደ እዚያ ቤት ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዓመት ካለፈው የፈለገ ሠራተኛ ይውሰደው ብሎ አለቃው ፈቅዷል፤ ግን ከመወሰዱ በፊት ለባለቤቱ ይደወል ብሏል። እትዬ ካውያ ከዚያ ዘንግ ላይ ምንም ወስዳ አታውቅም ነበር። እንዲያውም እቃ ተቀባይዋ አንዴ ከዚያ የወሰደችውን ሹራብ ለብሳ ብትመጣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብላ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አንገቷን አስደፍታታለች።

ልጇ አንድ ናት። የልጅቷ አባት ገና በጨቅላነቷ «መጣሁ» ብሎ የወጣ ሰው ነው፤ እስካሁን እየመጣ ነው። እናት በካውያዋ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፤ ዛሬ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሳ ትሠራለች፤ ጋውኑን የሚተኩሰው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ይቺው ልጅ አንድ ቀን ረጋ ያለ መሐንዲስ ይዛ መጣችና «ልንጋባ ነው» አለች።

ሁለቱ ቤተሰቦች የተዋወቁት ምግብ ቤት ውስጥ ነበር። እትዬ ካውያ ያን ቀን እጆቿን ከጠረጴዛው በታች አድርጋ ተቀመጠች። እጆቿ ላይ ከካውያ ጋር በኖረችባቸው ዓመታት የቀሩ የቃጠሎ ጠባሳዎች አሉ፤ ከሙሽራው ዘመዶች መካከል ደግሞ ጥፍራቸው የሚያብረቀርቅ ሴቶች ነበሩ። ከነዚያ አንዷ ሥራዋን ጠየቀቻት። እትዬ ካውያም ምንም ሳታስብ «አንድ ድርጅት ውስጥ የጥራት ክፍል ነኝ» አለች። ልጅቷ ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተከለች። የሙሽራው አባት ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ዓመታት ያለፉ፣ ዝምተኛ ሰው። ውሃ ቀዱላት። ብርጭቆውን ለማንሳት እጇን ማውጣት ስለነበረባት ሳትጠጣው ቀረች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ «እማዬ፣ ተኳሽ ነኝ ብትይ ምን ነበረበት?» አለቻት። ልጇ በእሷ አፍራ ሳይሆን ስለ እሷ አፍራ እንደጠየቀቻት ገብቷታል፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ተመኘች። በሠርጉ ቀን አንድ ሰው፣ በተለይ ከነዚያ ጥፍራሞች አንዷ፣ የሆነ ነገር ዓይቶ «ይሄ የማን እጅ ነው?» እንዲል። ግን ምን ቀርቶላት? አዳራሹን የሙሽራው ወገን መረጠ፤ መኪናውን፣ ኬኩን፣ ፎቶ አንሺውንም እነሱ። ቬሎው ከሙሽራዋ ጓደኞች ጋር ተመረጠ። ሁሉም ነገር ተይዞ ሳለ ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ተረፈ፤ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ኮታቸው ላይ፣ ሴቶቹ ሚዜዎች ደግሞ እጃቸው አንጓ ላይ የሚያደርጓት ትንሽ አበባ። እትዬ ካውያ «እሱን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ» አለች። ተዉላት።

እናትና ልጅ አበባ ቤት ሄዱ። አበባ ሻጩ ረጃጅም ጣቶች ያሉት፣ ሽርጡ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ሰው ነው። እያንዳንዱን ዓይነት እየቆረጠ በስፒል እትዬ ካውያ ደረት ላይ ይሰካና ወደ መስታወቱ ያዞራታል። ጽጌረዳ እንቡጥ ሰካ፤ እስከ ቀትር አፏን ትከፍትና እንደ ዘበኛ ታንቀላፋለች አለችው። ነጫጮቹን ጥቃቅን አበቦች ሰካ፤ ይረግፋሉ፣ ኮቱ ፎረፎር ያለበት ያስመስሉታል አለች። ረጅም አንገት ያለውን ነጭ አበባ ከነቢጫ ዱቄቱ ሲያመጣማ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያ ዱቄት ጨርቅ ላይ ካረፈ እሷም አታስለቅቀውም፤ እሷ ካላስለቀቀችው ደግሞ ማን ያስለቅቀዋል?

ልጅቷ የምትፈልገው ቀለሙን ብቻ ነበር፤ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ ፀሐይ ገብታ ገና ሳይጨልም ሰማዩ ዳር ላይ እንደሚታየው። ሰውዬው በዚያ ወር እንዲህ ያለ ቀለም ያለው አበባ እንደማያገኝ ነገራቸው። ልጅቷ እንግዲያው የተገኘው ይሁን አለች። እናትየዋ ግን ገና ከበሩ ሳይወጡ ወስና ነበር፤ በገዛ እጇ ከጨርቅ ልትሠራቸው። ልጅቷ አቀፈቻትና ደግሞ ትንሽ ሰጋ ብላ አየቻት። እናቷን ታውቃታለች።

ጨርቅ ፍለጋው ከአበባው ባሰ። ሐምራዊ የሚባለው ሁሉ ወይ ይጮሃል ወይ ያለቅሳል። አንዱ የትምህርት ቤት መጋረጃ ይመስላል፤ ሌላውን ከሩቅ ሲያዩት ጥሩ ነው፣ ሲጨብጡት ይንኮሻኮሻል። እትዬ ካውያ የእግሯ ጫማ እስኪላጥ ዞራ ባዶ እጇን ተመለሰች። በማግስቱ ሥራ ላይ የልብስ ማንጠልጠያ አንሷት ከማሞቂያው ጀርባ ገባች። እዚያ ዘንጉ ላይ ያ ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር።

አዲስ ነገር አይደለም፤ ለዓመታት እዚያው ተሰቅሎ አይታዋለች። ያን ቀን ግን ቀለሙን አየችው። ልጅቷ የተመኘችው ሐምራዊ እሱ ነበር፤ ለስላሳ ሐር፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ ስስ የብር ክር የገባበት። «እስቲ ልየው ብቻ» ብላ አወረደችው። ከፊት ከላይ እስከ ታች ጥቃቅን የብርጭቆ ቁልፎች ተደርድረውበታል። ከመሐላቸው አንዷ ግን ብርጭቆ አይደለችም። ከሰዓት ሆድ የወጣች፣ ዙሪያዋን ጥርስ ያላት ትንሽ የነሐስ ክብ ናት። ቁልፏ ሲጠፋ አንድ ሰው በምትኳ ያችን ክብ አበጅቶ፣ በቀዳዳዋ ክር አሳልፎ፣ የወንድ እጅ በሚመስል ስፌት ሰፍቷታል።

እትዬ ካውያ እዚያ ላይ ቆመች። ቁልፍ ስትሰፋ የኖረች ሰው ናት፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ ከሱቅ እንደማይገዛ፣ ሰው ለሰው ሲል ብቻ እንደሚሰፋው አላጣችውም። ግን ደግሞ «አሁን ይሄ የሙሽራው አበባ መሐል ላይ ቢሆን!» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባትና የመጀመሪያውን ሐሳብ ገፍቶ አስወጣው።

በዚያ ቤት ማንኛውም ልብስ ሲገባ ኮሌታው ውስጥ የባለቤቱ ምልክት የሆነ ባለ ቀለም ክር ይሰፋበታል። የምትሰፋው ራሷ ናት። የቀሚሱን ክር ብታየው የማን እንደሆነ ከእቃ ተቀባይዋ መጠየቅ ትችል ነበር። ከጠየቀች ይደወላል። ከተደወለ ሰው ሊያነሳ ይችላል። እናም እትዬ ካውያ፣ ሹራብ በለበሰች ሴት ላይ የፈረደችው እትዬ ካውያ፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ በጣቷ ክሩን ዳበሰችና ሳታየው በመቀስ ቆረጠችው። ሰው አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ እሷ ግን ላለማየት አስባ ተዘጋጅታ ነው ያላየችው።

ሥራው ሲሠራ ማማሩ አይካድም። ከቀሚሱ ታችኛው ክፍል፣ እንከን ከሌለበት መሐሉ፣ ቅጠል ቅጠል አድርጋ ቆረጠች። እያንዳንዷን ቅጠል እርጥብ አድርጋ በካውያው ጫፍ ነካ ስታደርጋት ዳሯ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ አምስቱ አንድ ላይ ሲታሰሩ አሁን የፈካ አበባ ይሆናሉ። አገዳውን ከሽቦ ሠርታ አረንጓዴ ጨርቅ ጠመጠመችበት። መሐሉ ላይ የብርጭቆ ቁልፎቹን አደረገች። ለሙሽራው ደግሞ የነሐሷን ክብ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለች ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ብቻዋን ታንጎራጉር ነበር። ከቀሚሱ የተረፈውን፣ ደረቱንና እጅጌዎቹን፣ ላውንደሪ ውስጥ ጨርቅ አይጣልምና ከጠረጴዛዋ ሥር ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ካውያው ሆዱ ላይ ጥቁር ሲይዝ መጥረጊያ ሆነ።

እቃ ተቀባይዋ አበቦቹን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አደነቀች። ጨርቁን ከየት አገኘሽው ስትላት እትዬ ካውያ «ከገበያ» አለች። እቃ ተቀባይዋ ወደ ማሞቂያው ጀርባ አንዴ ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ወደ ምስማሩ። ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሙሽራውና ሚዜዎቹ በሚለብሱበት ክፍል ውስጥ እትዬ ካውያ ስፒሎቿን በከንፈሯ ጥግ ይዛ አበባ ትሰካ ነበር። ያሰበችው ሁሉ ሆነላት። ሚዜዎቹ መስታወት ተሻሙ። ከዘመዶቹ አንዷ፣ ያችው ሥራዋን የጠየቀቻት፣ አንዱን አበባ በሁለት ጣቷ ይዛ «ይሄ የማን እጅ ነው?» አለች፤ ልክ በሕልሟ እንደሰማችው ቃል በቃል። እትዬ ካውያ እጇን አልደበቀችም። ጠባሳ ያለበትን እጇን ከፍ አድርጋ «የዚህ ነው» አለች። በሕይወቷ እንዲያ ኮርታ አታውቅም።

ከዚያ ሰዓት ሠሪው ገቡ። ልጃቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ፊታቸው ደረቱ ላይ ካለችው አበባ ጋር ገጠመ። ሳይስሙት ቀሩ። ከኪሳቸው ሁልጊዜ የማትለያቸውን ትንሽ ማጉያ መነጽር አወጡ፣ ዓይናቸው ላይ አደረጓትና አበባዋን አዩ። ሰው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሰዓት ሠሪው ግን ቀና አላሉም።

«ይሄን ጨርቅ ከየት አገኙት?» አሏት ቀና ሲሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት በተሻላት።

«ከላውንደሪ» አለች። «ከምሠራበት።»

«ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው?»

«አዎ።»

ሰዓት ሠሪው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንባቸው ማጉያ መነጽራቸው ላይ ወረደ። ለልጃቸው ነገሩት፤ የእናቱ ቀሚስ ነው፣ ታማ የገባች ጊዜ ድና ስትወጣ ትለብሰዋለች ብለው እዚያ ላውንደሪ ሰጥተውት ነበር፣ እሷም አልወጣችም፣ እሳቸውም ተመልሰው ሊወስዱት አቅም አጡ። ያችን ነሐስ ከአሮጌ ሰዓት አውጥተው የሰፉላት እሳቸው ናቸው። ሙሽራው ወደ ደረቱ አየ። ከዚያ ወደ እትዬ ካውያ ዞረ። ያ ረጋ ያለ ሰው ተሰብሮ አቀፋትና አንገቷ ውስጥ ገብቶ አለቀሰ። «እማዬ» አላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስፒሎቹ ገና ከንፈሯ ላይ ስለነበሩ እንዳይወጉት ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፤ እዚያ ያሉት ሁሉ ግን እንባዋን ልትደብቅ መሰላቸው።

ቀሚሱን አውቃ ያቆየችላቸው መስሏቸዋል፤ መናገር የነበረባት ያኔ ነው። ምንም ረጅም ነገር አልነበረም፤ «አላወቅሁም ነበር» ማለት ብቻ። ግን እንዴት ትበለው? ልጁ እያለቀሰ ነው፣ ያችም ጥፍራም እያለቀሰች ነው፣ በሩ ላይ መኪናው ጥሩንባ ይነፋል። «በኋላ እነግራቸዋለሁ» ብላ ለራሷ ቃል ገባች። እንዲህ ያለ ቃል ገብቶ የጠበቀ ሰው ካለ ይቅረብ።

አዳራሹ ውስጥ ሰዓት ሠሪው ማይክራፎን ይዘው ተነሡ። ብዙ የማይናገሩ ሰው ሲናገሩ ሰው ያዳምጣል። ይቺ ሴት የማያውቁትን ሰው ልብስ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ጠብቃ አቆየች አሉ። የማን እንደሆነ ስታውቅ አፏን ሳትከፍት፣ ምስጋና ሳትፈልግ፣ የሟች ሚስታቸውን ቀሚስ ወደ ልጃቸው ደረት አመጣችው አሉ። የልጄ እናት ዛሬ እዚህ አለች፣ ያመጣቻትም እሷ ናት፣ እባክዎ ይነሡልን አሉ።

ተነሣች። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብንላት ይቺ መነሣቷ ታስቸግራለች። ፊቷ ነድዶ፣ ግን ተነሣችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሣች። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባለው ይሄኔ ነው። በሩ አካባቢ ካለው ጠረጴዛ ዙሪያ እቃ ተቀባይዋ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ታጨበጭባለች፣ ዓይኗ ግን የራሷ እጆች ላይ ነው። እትዬ ካውያ ስትቀመጥ ከቃጠሎ ሁሉ የሚብስ አንድ ነገር ከውስጧ ሲነሣ ተሰማት። እፍረት ነበር። ከዚያ በኋላ ኬኩ መጣላት፤ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋችው።

ልጅቷ ከሠርጉ በኋላ ደጋግማ ትደውልላት ነበር። እንዴት ይሄን በሆድሽ ይዘሽ ቻልሽ፣ ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም እያለች በደስታ ትወቅሳታለች። አሁን ለማንም ስታስተዋውቃት «እናቴ ልብስ ተኳሽ ናት» ትላለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ድሮ እትዬ ካውያ ሥራዋን ደብቃ ልጇ አፍራ ነበር፤ አሁን ልጇ በሥራዋ ትኮራለች፣ የምትደብቀውም ሥራውን ሳይሆን ሌላ ነገር ሆነ። ደስ ሊላት ሲገባ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እቃ ተቀባይዋ ወደ ኋላ ክፍል ገባችና «እትዬ፣ እንግዳ አለሽ» አለቻት። ማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ሰዓት ሠሪው በባንኮኒው ፊት ቆመዋል፣ የሠርጉን ኮት ለብሰው። ወንበር ብትሰጣቸው አልተቀመጡም። ዓይናቸው ከግድግዳው ወደ ጣሪያው ይዞራል፤ ያን ቤት ቀሚሱን ከሰጡባት ቀን ወዲህ ረግጠውት አያውቁም ነበር።

«ከዚያ ወዲያ በዚህ በኩል አልፌ አላውቅም» አሏት። «የሰፈሬ መንገድ በዚህ ነው፣ ግን በወዲያኛው የመንገድ ዳር ነው የምሄደው። ዛሬ ግን ደፈርኩ፤ እርስዎ አሉ ብዬ።» ወደ እሷ ዞሩና ቀጠሉ። «እህቴ፣ ከቀሚሱ የተረፈ ነገር ካለ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። እጅጌም ብትሆን።»

እትዬ ካውያ «ይጠብቁኝ» ብላ ወደ ኋላ ገባች። ጨርቁ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንደኛው እጅጌ የካውያ ሆድ ሲጠረግበት ጠቁሯል፤ ደረቱ ላይ ሁለት ቦታ ተቃጥሏል። «ሁሉንም ለአበባዎቹ ጨረስኩት» ብትላቸው ያምኗታል፤ ያመሰግኗትም ይሆናል። በሩ ላይ እቃ ተቀባይዋ ቆማለች። ስለ ሹራቡ አላነሣችባትም። ብታነሣባት እንዴት በቀለላት።

አጠበችው። ሳሙናውን፣ ማስለቀቂያውን፣ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። ጥቁሩ ትንሽ ለቀቀ። ቃጠሎ ግን እድፍ አይደለም፤ የለም፣ አይለቅም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በላዩ ንጹሕ ጨርቅ ጥላ ተኮሰችው፣ ቀስ ብላ፣ ጠርዝ ለጠርዝ። ከዚያ በክንዷ ላይ አድርጋ ይዛ ወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«የቀረው ይሄ ነው» አለች። «ካውያ ስጠርግበት ነበር።»

ሰውዬው አልገባቸውም። እሷን አዩ፣ ደግሞ ጨርቁን አዩ።

«ጋሼ፣ እኔ አላስቀመጥኩልዎትም። የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ማወቅም አልፈለግኩም። ምልክቱን ሳላየው ቆረጥኩት። ቀለሙ ለልጄ ሠርግ ስለተስማማኝ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።»

ሰዓት ሠሪው እጅጌውን አነሡ። የተቃጠለው ላይ አውራ ጣታቸውን አሳለፉ፣ የተሰበረ ነገር እንደሚመረምሩ። «ይሄ የግራው ነው» አሉ፤ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አይታወቅም። በጓሮ በኩል የማሞቂያው ውሃ ሲንተከተክ ይሰማል።

«በሠርጉ ዕለት ለምን አልነገሩኝም?» አሏት በመጨረሻ።

ምክንያት ልትፈልግ ትችል ነበር። «ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ፣ ጋሼ» አለች።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቅርታም አይደለም፣ ቁጣም አይደለም፣ መስማታቸውን ብቻ ነው። ጨርቁን አጣጥፈው ያዙ። በላስቲክ ልትጠቀልልላቸው ብትል እንቢ አሉ፣ በኮታቸው ውስጥ አደረጉት። የምትጠብቀው ስድብ ነበር። ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅታለች። ከሠርጉ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የምታስበው ይህን ነበር፤ አንዴ ተሰድባ፣ ሰው ሁሉ አውቆባት፣ ሸክሙን አውርዳ መገላገል።

«ለልጄ አይንገሩት» አሉ ሰዓት ሠሪው። «እናቱን ስንቀብር አንድ እንባ አልወጣውም። ከዚያም በኋላ አላለቀሰም፤ እፈራለት ነበር። ያለቀሰው እርስዎን አቅፎ ነው። ይሄን አይውሰዱበት።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መናገር ነው የምፈልገው። አልቻልኩትም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ግን አይንገሩት።»

እሺ አለች። ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ሰውዬው በልማድ «አመሰግናለሁ» ብለው ወደ በሩ ዞሩ፤ ከዚያ ቃሉን ሊመልሱት እንደፈለጉ ሁሉ ትንሽ ቆሙና ወጡ። እትዬ ካውያ በመስታወቱ አየቻቸው። መንገዱን ተሻግረው በወዲያኛው ዳር ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሲገናኙ ሰዓት ሠሪው ይነሡላታል፣ ወንበር ይስቡላታል፣ ጤናዋን ይጠይቃሉ። ክብሯን አላጓደሉባትም። ስለ ሥራዋ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀዋት አያውቁም።

ሙሽሮቹ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ ያች አበባ ከነነሐስ ዓይኗ በመስታወት ተከድና ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር አማቿ ያስነሣውና እዚያ ፊት ያቆመዋል፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይነግረዋል፣ በየጊዜው ትንሽ እያሳመረ። እንግዳውም ወደ እትዬ ካውያ ዞሮ እጇን ይስማል፤ ያንን ጠባሳ ያለበትን። እሷ ቀና ብላ አታይም። ሰው ትሕትና ይለዋል። እንዲያውም በዘመዶቹ ዘንድ በትሕትናዋ ስም አውጥታለች፤ ያች የድሮዋ እሳት የላውንደሪ ሠራተኞቹ ተረት ብቻ ነው የምትመስላቸው።

አማቿ ከማድ ቤት «እማዬ» ብሎ ይጠራታል፤ ድስት ክዳን የት እንዳለ ሊጠይቃት ይሆናል፣ ወይም ዝም ብሎ ሊጠራት። ትሰማዋለች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ትላለች፣ የተጠራችው ሌላ ሰው እንደሆነች፣ ያችም ሰው ቀድማ ትመልስ እንደሆነ እንደምትጠብቅ። ማንም አይመልስም። ያኔ እሷ «አቤት» ትላለች።